አንድ መስመር

ደሙ ከመቀዳቱ በፊት እናቴ ጤነኛ ነበረች። ይህን በግምት አልልም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ደረጃ ስትወጣ አታለከልክም፤ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው የገበያ ዘንቢል ይዛ ከአውቶቡስ ፌርማታ እስከ ቤት ሳታርፍ ትደርሳለች፤ በእንቅልፏ አያልባትም፤ ቀሚሶቿ አልሰፏትም። በሰውነቷ ላይ ያለው ጉዳት ጣቶቿ ላይ ብቻ ነበር። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ፣ ከመርፌ ቀዳዳ ትንሽ የሚሰፉ የንክሻ ምልክቶች። አንዳንዶቹ የከረሙ፣ አንዳንዶቹ የዚያው ሳምንት። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሶፋው ላይ ስንቀመጥ እጇን ጭኔ ላይ አድርጌ በጣቴ እዳስሳቸው ነበር።

የነከሷት አይጦች ናቸው። እናቴ መድኃኒት የሚፈተሽበት ተቋም ውስጥ የነጫጭ አይጦቹ ተንከባካቢ ነበረች። ትምህርት በሌለበት ቀን ይዛኝ ትሄዳለች። ክፍሉ መስኮት የለውም። ሞቅ ያለ ነው፤ የሰጋቱራና የሽንት ሽታ መጀመሪያ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይረሳል። በየመደርደሪያው የሽቦ ክዳን ያላቸው ሳጥኖች አሉ፤ ከየሳጥኑ ቀጭን ሲርሲርታ ይወጣል። እናቴ ድምፁን ሰምታ የትኛው ሳጥን ውሃ እንዳለቀበት ታውቅ ነበር።

«ጭራውን ጫፉ ላይ አትያዥው፤ ሥሩ ላይ» ትለኛለች። «አንቺን በጆሮሽ ቢያንጠለጥሉሽ ደስ ይልሻል?»

ጓንት ነበር፤ አታጠልቅም። «በጓንት ስይዘው አይታወቀኝም፤ ወይ ይጨነቃል ወይ ያመልጠኛል» ትል ነበር። ሲነክሷትም አትቆጣም። ጣቷን ከቧንቧው ሥር ታደርግና «አይዞህ፣ አንተም ፈርተህ ነው» ብላ ትመልሰዋለች።

ይህ ሁሉ ከቤታችን ደጃፍ እንዳይወጣ የተከለከለ ነገር ነበር። ታችኛው ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤት አንድ ጊዜ ስለ እናቴ ሥራ ሰምታ ብርጭቋችንን ሳትነካ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ አባቴ እያስጠናኝ ነበር።

«እናትሽ የት ነው የምትሠራው ቢሉሽ?»

«ላቦራቶሪ!»

«ምን ትሠራለች ቢሉስ?»

«ላቦራቶሪ!»

«ጎበዝ። የአባቷ ልጅ።»

አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ቀን ሙሉ ከሰው ጋር ስለሚውል የሰው አፍ ይፈራል። እቤት ውስጥ ግን ራሱ ይቀልድባት ነበር። «እኔን ከማቀፏ በፊት ስንት አይጥ አቅፋ እንደመጣች አንድዬ ይወቀው» ሲል እሷ በእርጥብ እጇ አንገቱን ትይዘዋለች፤ እሱ እየጮኸ በጠረጴዛው ዙሪያ ይሮጣል።

የጎደለን አንድ ነገር ነበር። ከእኔ በኋላ ልጅ አልመጣም። ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ግን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ፣ የእኔ የሕፃንነት አልጋ ተቀምጧል። ማንም አይሸጠውም፤ ለማንም አይሰጥም።

በዚያ ዓመት የተቋሙ ሠራተኞች ሁሉ ደም ሲመረመሩ እናቴ ወሯ አልፎባት ነበርና የእርግዝናውንም እዩልኝ አለች። አዩላት፤ አለ አሏት። አባቴ ዜናውን የሰማ ቀን አልጋውን አውርዶ ሳሎን መሃል አቆመው። በሸካራ ወረቀት ሲፈገፍገው ነጭ ብናኝ ቅንድቡ ላይ አረፈ።

«ወንድም ሊመጣልሽ ነው» አለኝ።

«መቼ?»

«ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቂው እንጂ። ምን ያጣድፍሻል!»

እኔም ቀለሙ ሲደርቅ የሚመጣ መሰለኝ። በየቀኑ እየሄድኩ በጣቴ እነካዋለሁ።

ቀለሙ ደረቀ። እናቴ ግን አንድ ቀን ከምርመራ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ሆዷን በማሽን አይተው ባዶ ነው ብለዋታል። ደሟን ደግመው ቢያዩትም ያው፣ አለ ይላል። የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሁላችንም እታባ የምንላት፣ በማግስቱ መጣች። እታባ የክሊኒክ ነርስ ነች፤ ስታወራ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ለሕክምና የምትጠራ ይመስል ትጮኻለች።

«ይሄን ያህል ምን ያወዛግባል! ሽንትሽን ስጪኝና አሁኑኑ እንወቀው» ብላ ከቦርሳዋ ቀጭን ወረቀት አወጣች።

ወረቀቱን ሽንቱ ውስጥ ነክራ መስኮቱ ደፍ ላይ አጋደመችው። አራታችንም ቆምን። አባቴ የቀለም ብሩሹን እንደያዘ ነበር። እታባ ሰዓቷን ታያለች። እኔ ቁመቴ ከመስኮቱ ደፍ ጋር ስለሚተካከል ወረቀቱን ከሁሉም ሰው ቀርቤ የማየው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ እርጥበቱ ወጣ፤ ቀጥሎ፣ ከምንም ውስጥ፣ አንድ ቀይ መስመር።

«አንድ!» አልኩ። «አንድ ነው! አንድ ልጅ!»

መንታ ቢሆን ሁለት መስመር የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

«ዝም በይ አንቺ!» አለች እታባ፤ ድምፅዋ ግን ወርዷል። እናቴ ልትስቅ ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው።

«የለም» አለች እታባ።

«ደሙ አለ እያለ?» አለ አባቴ።

«የለም አልኩህ እኮ።»

ዛሬ የሆስፒታል ደም ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ያንን ዓይነት ወረቀት በየቀኑ አያለሁ። የመጀመሪያው መስመር ወረቀቱ መሥራቱን ብቻ የሚያሳይ ነው። የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ደም ውስጥ ያን ያህል የእርግዝና ሆርሞን ቢኖር ሽንት ውስጥ መግባቱ ስለማይቀር፣ ከእርግዝናም ይምጣ ከዕጢ፣ ሁለተኛው መስመር መውጣት ነበረበት። ወረቀቱ እንግዲህ የተናገረው ስለ ልጅ ብቻ አልነበረም። ሆርሞኑ ራሱ የለም እያለ ነበር። ሁላችንም ፊቱ ቆመን አየነው።

የትልቁ ሆስፒታል ሐኪም ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል። ትሑት ሰው ነበር፤ እናቴ ሳትቀመጥ አይቀመጥም። እኔን የሚያቆየኝ ስለጠፋ ጥግ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

«ቁጥሩ መቶ ሰማንያ ስድስት ነው» አለ። «እርግዝና የለም። ስለዚህ ይሄን የሚያመነጭ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ማህፀን ውስጥ የሚበቅል ክፉ ዕጢ አለ፤ ይህን ሆርሞን የሚረጭ። ገና ትንሽ ስለሆነ በማሽን አይታይም።»

«ሽንቷ ላይ ግን ምንም አላሳየም እኮ፣ ዶክተር» አለች እታባ።

«የቤት ወረቀት ነው፣ እህቴ። ከደም ጋር አይወዳደርም። ደም አይዋሽም።» ወደ እናቴ ዞረ። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

እናቴ አፏን ከፈተች። አባቴ ቀደማት።

«ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው።»

«እንግዲያው ባልደረባችን ናት!» ብሎ ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ ጻፈውም። እናቴ እጆቿን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

አይጥ ብትል ኖሮ ያ ሐኪም ነገሩ ይገባው ነበር ወይ ብዬ ደጋግሜ አስቤያለሁ። ምናልባት አይገባውም ነበር። ግን አልተባለም።

እኔ ከዚያ ንግግር ሁሉ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። እናቴ ሆድ ውስጥ ትንሽ ነገር አለ፤ ከማነሱ የተነሣ አይታይም። ደግሞም ቁጥር አለው። መቶ ሰማንያ ስድስት። ወንድሜ ነው ብዬ ደመደምኩ። ዕጢ የሚባለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ገና ያልተወለደ ሕፃን የሚጠራበት ስም መሰለኝ።

መድኃኒቱ ተጀመረ። እናቴ ሥራ ቀረች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከውስጥ ተዘግቶ ውሃው ይለቀቃል፤ ከውሃው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ አለ። ፀጉሯ መጀመሪያ ትራሱ ላይ፣ ቀጥሎ በማበጠሪያው፣ በመጨረሻ ደግሞ በእፍኝ ወጣ። እታባ ልትላጫት መጣችና እሷው ስታለቅስ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የምትላጪው እኔን ነው ራስሽን?» አለቻት እናቴ።

ከሆስፒታል በተመለሱ ቁጥር አባቴ በሩን ከፍቶ ሳይገባ «ወረደ!» ይላል። ዘጠና ሆነ። አርባ አንድ ሆነ። እታባ እልል ልትል ይቃጣታል። እኔ አልጋው ሥር ገብቼ አለቅሳለሁ። ወንድሜ እያነሰ ነበር፤ ሁሉም ይደሰታል።

«ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» ይላል አባቴ።

«ፈርታ ነው፤ ተዋት» ትላለች እናቴ፤ ከአልጋው ሥር እጇን ታስገባልኛለች። ጣቶቿ ላይ ያሉት ምልክቶች ጠፍተው ነበር። ከአይጦቹ ከተለየች ወራት አልፈዋል።

የወረደበትን ምክንያት ዛሬ አውቀዋለሁ። የሚነክሳት የለም፤ መድኃኒቱም ሰውነቷ መከላከያ የሚሠራበትን አቅም አዳክሞታል። በደሟ ውስጥ የነበረው ነገር ለዚህ ነው የቀነሰው። ሐኪሙ ግን ዕጢው ለመድኃኒት እየተሸነፈ ነው አለ። እሱ ባለበት ቦታ ብቆም፣ እሱ የያዘውን ብቻ ብይዝ፣ እኔም ይህንኑ እል ነበር።

ቁጥሩ አሥራ ሁለት ሲደርስ ወደ ሥራሽ መመለስ ትችያለሽ አሏት። ራሷን በሻሽ አስራ ወደ አይጦቹ ቤት ስንሄድ እጄን ይዛ ትዘል ነበር ማለት ይቻላል። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። «ናፍቃችሁኛል እናንተ ሰላቢዎች» አለቻቸው። አንዱ ወዲያው ነከሳት። ጣቷን አንሥታ ደሙን አየችና ሳቀች። «አየሽ? አልረሱኝም።»

ጥቂት ወራት ቆይቶ አባቴ በሩን ከፍቶ ገባና ምንም አላለም። እናቴ ከኋላው ነበረች። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«ስንት ሆነ?» አልኩ።

«ሁለት መቶ አሥር።»

አጨበጨብኩ። እየዘለልኩ አጨበጨብኩ። አባቴ ወጥቶ ሄደ፤ ደረጃውን ሲወርድ ጫማው ይሰማል። እናቴ ሳበችኝና አገጯን ራሴ ላይ አሳረፈች።

«በእኔ የተደሰትሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አለች።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ አባቴ ነው፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የአውቶቡሱን ቁልፍ በእጁ እያገላበጠ። «እናትሽ ሆድ ውስጥ ያለውን ነገር ሊያወጡላት ነው። ከዚያ ትመጣለች።»

በመጨረሻ ሊወጣ ነው ማለት ነው። ሥራዬን ጀመርኩ። የሕፃኑን አልጋ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። የራሴን ካልሲ ትንሽ መስሎ የታየኝን መርጬ፣ አጥፌ፣ ራስጌው ላይ አኖርኩ። እናቴ በአባቴና በእታባ ተደግፋ ስትገባ በር ላይ ቆሜ የሦስቱንም እጅ አየሁ። ማንም ምንም አልያዘም። ቦርሳዋን ከፈትኩት። ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ ማበጠሪያ። ለምን ማበጠሪያ ይዛ እንደሄደች አላውቅም።

«ምን ትፈልጊያለሽ አንቺ?» አለች እታባ።

«የታለ?»

«ማን?»

በዚህ መሃል የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ልትጠይቅ ገባች፤ እታባም በዚያ ድምፅዋ «ንጹህ ነው! ያወጡትን ማህፀን በሙሉ ቆራርጠው መርምረውታል፤ ምንም አልተገኘበትም!» ብላ አበሰረች። ጎረቤቷ «ተመስገን!» አለች። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ተቃቀፉ። እኔ ወደ አልጋው ሄድኩ፤ ካልሲውን አነሣሁ። ቆራርጠው ፈልገውታል፤ አላገኙትም። እንዲህ ነበር የተረዳሁት፤ ለዓመታትም የሕልሜ መጨረሻ ይኸው ነበር።

በጊዜው ትልልቆቹ መድኃኒቱ አስቀድሞ አጥፍቶት ነው ብለው ነበር። ቁጥሩ ግን ከርሞ ተመለሰ። ማህፀኗ ወጥቷል፤ እሷ ሥራዋ ላይ ናት፤ ቁጥሩ መቶ ሃምሳ። ሐኪሙ አሁን ሲናገር ወደ መስኮቱ ነበር የሚያየው። ወደ ሌላ ቦታ ተሠራጭቷል፤ የት እንደሆነ አይታወቅም፤ ጠንከር ያለ መድኃኒት ያስፈልጋል አለ።

ጠንከር ያለው መድኃኒት ጆሮዋን ወሰደው። ባንዴ አይደለም፤ መጀመሪያ የሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። የበሩን ደወል ሳትሰማ ቀረች። የማንቆርቆሪያውን ፉጨት። ወደ አይጦቹ ቤት ስትመለስ አብሬያት ነበርኩ። በሩን ከፍታ ገባች፤ መሃል ላይ ቆመች። ሳጥኖቹ እንደወትሮው ሲርሲር ይላሉ።

«ምነው ዝም አሉ?» አለችኝ።

ዞሬ አየኋቸው። 

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል አልሄደችም። አባቴ ለመናት፤ እታባ ጮኸችባት። «አልሄድም» አለች። «የሚገድለኝ ከሆነ እቤቴ መጥቶ ይግደለኝ። የት እንደምኖር ያውቀዋል።» እናም መጠበቅ ጀመረች። ጫማ አትገዛም፤ «ለማን ላተርፈው ነው?» ትላለች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ የትኛው ቀሚስ ለእታባ፣ የትኛው ለእኔ እንደሚሆን በየዓመቱ ታሳየኛለች። አልጋውን ራሷ ፈታትታ እንጨቱን በር ላይ አስቀመጠችው፤ የወሰደው ሰው ማን እንደሆነ አላየንም። ከፍተኛ ትምህርት ስገባ «ምረቃሽን አላይልሽም» አለችኝ፤ አየች። አባቴ ቀድሟት ሞተ። ከመቃብሩ ስንመለስ «ተራዬን ቀማኝ» አለች፤ ቀልድ አልነበረም። ጡረታ እስክትወጣ ከአይጦቹ ጋር ሠራች፤ በጓንት አይደለም።

ነገሩን ያወቅሁት እየፈለግሁት አይደለም። ለክፍላችን አዲስ የደም መመርመሪያ ማሽን መጥቶ፣ አንድ አሠልጣኝ ስለ አሠራሩ ሊያስረዳን ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ነበር። ግማሹ ሰው ያንቀላፋል። ምርመራው ሆርሞኑን ከሁለት በኩል የሚይዙ ሁለት እጆች እንዳሉት አድርጋችሁ አስቡት አለ አሠልጣኙ፤ ሆርሞኑ መሃል ሲገባ ሁለቱ እጆች ይገናኛሉ፤ ማሽኑ የሚቆጥረው መገናኘታቸውን ነው። እጆቹ የተሠሩት ከአይጥ ነው። «ስለዚህ» አለ ሰዓቱን እያየ፣ «ከአይጥ ጋር የሚኖር፣ አይጥ የሚነክሰው ሰው ቢያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ። ሰውነቱ በአይጥ ላይ መከላከያ ይሠራል፤ ያ መከላከያ ሁለቱን እጆች ራሱ ያጨባብጣቸዋል። መሃላቸው ምንም ነገር ሳይኖር። መከላከያው ወደ ሽንት ስለማያልፍ የሽንት ምርመራን አያሳስትም። ብዙ ጊዜ አይገጥምም።»

ሌሎቹ ወጡ። እኔ ጣቶቼን እያየሁ ተቀምጬ ቀረሁ።

የእናቴን ደም የቀዳሁት፣ ጡረታዋ ገና ሳይደርስ፣ እዚያው ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። «ለምንድን ነው?» አላለችም፤ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ውጤቱ የአሠልጣኙን ነገር ካረጋገጠልኝ በኋላ ወደ እሷ ተመለስኩ። ቀን ነበር፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። በሹክሹክታ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ አልነበረብሽም።»

«ኧ?»

«ካንሰር! አልነበረብሽም!»

«ጮክ በይ፤ ምን አልነበረም?»

ጮኽኩ። «ካንሰር አልነበረብሽም! አንድም ቀን! አይጦቹ ናቸው! ደሙን ያሳሳቱት አይጦቹ ናቸው!» ታችኛው ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። አባቴ የፈራው ሁሉ በአንድ ጊዜ በመስኮት ወጣ።

እናቴ አፌን እያየች ነበር። የከንፈር እንቅስቃሴ ማንበብ ከቻለች ቆይታለች፤ የመጀመሪያውን ሹክሹክታዬንም ሳትረዳው አልቀረችም።

«ማህፀኔስ?» አለች።

«ጤነኛ ነበር።»

ይህን አልጮኽኩም፤ ገባት። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና መዳፏን ገልብጣ ጣቶቿን አየች። 

«ልወልድ እችል ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ፤ በአዎንታ።

ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠረገችው፤ ምንም አልነበረበትም። «ያቺ ዓይነት ወረቀት» አለች በመጨረሻ፣ «የመስኮቱ። አንቺ አይተሽ አንድ ያልሽባት። አሁንም አለች?»

«አለች።»

«አምጪልኝ። ደሜንም እንደገና ለኪው። ያኔ ልክ አልነበረም ካልሽ፣ አሁን ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ትክክል ነበረች። በማግስቱ ደግሜ ለካሁት። ደሟ ብቻውን ሲለካ መቶ ስድሳ አራት አለ። ከዚያው ቱቦ ወስጄ ከአይጥ ደም የሚለይ ፈሳሽ፣ ሴረም የሚባለውን፣ ጨምሬበት፣ መከላከያው እሱን ይዞ እስኪጨርስ ጠብቄ ስለካው ከሁለት በታች ሆነ፤ ማሽኑ ከዚያ በታች አይቆጥርም። ወረቀቱን እሷው ሽንቷ ውስጥ ነክራ፣ እሷው የመስኮቱ ደፍ ላይ አጋድማው፣ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ ጠበቀች። አንድ መስመር ወጣ። ጊዜው እስኪያልፍ፣ ከዚያም ወረቀቱ እስኪደርቅ ቆመን ጠበቅን። አንድ ነበር።